ማስቲሽና መወርወሪያ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ተመልካቹ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ሌላ ትዕይንት ይጀመራል። መጋረጃ የለውም፤ መብራቱም የመንገድ መብራት ነው። ሦስት አራት ልጆች ከግድግዳው ሥር ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ቀኝ እጁን በሹራቡ እጅጌ ውስጥ ሰብስቦ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው በትንፋሻቸው እጃቸውን የሚያሞቁ ይመስለዋል። ጠጋ ያለ ግን ሽታው ይነግረዋል። በእጅጌው ውስጥ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ናት፤ በጠርሙሷም ውስጥ ጫማ ሰፊ ሶል የሚያጣብቅበት ማስቲሽ አለ።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጫማ ጠራጊውን ልጅ «ሊስትሮ» ያሰኘው ቋንቋ ሙጫውንም «ማስቲሽ» ብሎ ትቶልን ሄዷል። ይህ እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው እንጂ የቃል ምንጭ ለተራበ ልጅ ምን ይፈይድለታል? ቁም ነገሩ የልጁ እንጀራም መርዙም ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ መደርደሪያ ላይ የሚገዙ መሆናቸው ነው። የጫማ ቀለሙና ማስቲሹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ልጆቹን አይቶ «ምስኪን!» ይላል። ጥቂት እልፍ እንዳለ ደግሞ «ለማስቲሽ መግዣ ያገኘ ልጅ ለዳቦ መግዣ እንዴት ያጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ጭካኔ ያለበት ይመስላል፤ ይሁንና ከመጀመሪያው አዘኔታ ይሻላል፤ መልስ ያለው ጥያቄ ነውና።

መልሱ የሚገኘው በሒሳብ ነው። ዳቦ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ለሦስት ቢቆርሱት ሦስቱም ይራባሉ። ከባለሱቁ በጠርሙስ ክዳን ተለክቶ የሚሸጠው ማስቲሽ ግን ለሦስት ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ይበቃል። ዳቦ ሆድን እንጂ ብርድን አያስታግሥም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አስፋልቱ ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛ ሰው አጥንቱ ድረስ ይቀዘቅዛል። ማስቲሹ የራት፣ የብርድ ልብስና የበር ምትክ ሆኖ ያገለግላል። የበር መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በር ያለው ሰው ሲተኛ የሚፈራውን ነገር ውጭ ትቶ ይዘጋል፤ በር የሌለው ልጅ ደግሞ ፍርሃቱን የሚዘጋበት ሌላ ነገር ይፈልጋል። እንግዲህ ልጁ ሒሳብ አጥቶ አይደለም ወደ ጠርሙሷ የሄደው፤ ሒሳቡ ራሱ መርቶ ወሰደው ማለት ነው።

ሥራውን የሚሠራው በማስቲሹ ውስጥ ያለው ቶሉዊን የሚባለው ኬሚካል ነው። ተኑ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ በሰከንዶች ውስጥ ወደ አንጎል ይደርሳል። ረሃብ ይደነዝዛል፤ ድምፅ ይርቃል፤ እግር ቀላል ይሆናል። ስካሩ ፈጥኖ ስለሚበርድ ደጋግሞ መሳብ ያስፈልጋል። ለዓመታት ከተደጋገመ የአንጎልን ነጭ ክፍል ይጎዳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእግር መወላገድ፣ የማስታወስ ችግር ያመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማስቲሹ በ1961ም ሆነ በ1971 እ.ኤ.አ. በተፈረሙት ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ሊገኝም አይችልም፤ ጫማ ሰፊው፣ አናጢውና ጎማ ለጣፊው ያለ እርሱ ሥራ የላቸውም። በሕግ ያልተከለከለ ነገር በሌሊት ከሱቅ ሲሸጥ ሻጩ የሚፈራው አንዳች ነገር የለም።

ከነዚህ ልጆች መካከል አንዱ፣ አሁን ዕድሜው ወደ ሃያ የተጠጋው፣ የተወለደው በጋሞ ደጋ በጨንቻ አካባቢ ነው። የአባቱ መሬት ለአምስት ወንድማማቾች የሚከፋፈል አልነበረም። እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ አያልፍም፤ የተቀረውን ኑሮ የሚሞላው ሽመና ነው። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ በ2008 ዓ.ም. ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ «ሥራም አስተምረዋለሁ፣ ትምህርት ቤትም አስገባዋለሁ» ብሎ ወሰደው። መስቀል በጋሞ የተበተነ ሁሉ የሚሰበሰብበት ታላቅ በዓል ነውና እንዲህ ያለው ውል ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በዚያው ሰሞን ነው። እናቱ ቆጮ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከእንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ገባ።

በሽሮ ሜዳ የገባበት ቤት አንድ ክፍል ነበር። በክፍሉ ውስጥ ሁለት የሽመና ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ባለቤቱና ታላቅ ልጁ በጉድጓዶቹ አፋፍ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ታች ሰድደው ይሠራሉ። የልጁ ሥራ ማግ በቀሰም ላይ ማጠንጠን ነበር። አንዱን ቀሰም ጨርሶ ሲያቀብል መወርወሪያው የቀደመውን ጨርሶ ይጠብቀዋል። ሌሊቱ ከሚነጋበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ያጠነጥናል፤ ሲደክመው ከጉድጓዱ ዳር ይተኛል። ትምህርት ቤት የተባለው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ጥለት መጣልም ተማረ። ጣቶቹ ፈጣን ነበሩ። ባለቤቱ በሌላ ሰው ፊት ያመሰግነው ነበር፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር ግን በመወርወሪያው ጀርባ ይመታው ነበር።

ያንን ሰው አውሬ አድርጎ መሳል ቀላል ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እርሱም ክሩን በዱቤ የሚወስድ፣ ነጠላውን ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ የሚሸጥ፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ የሚደበቅ ሰው ነበር። ከነጠላው የሚገኘው ትርፍ ከጉድጓዱ ቤት አያድርም። ስለዚህ ከራሱ በታች ያለውን ጉልበት ያለ ዋጋ ይጠቀምበታል፤ ከታች ያለው ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጹ መልካም ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ያነበበው አልነበረም።

ልጁ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጠፋ። ቁልቁለቱን ይዞ፣ ባዶ እጁን፣ ፒያሳ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አትክልት ተራ ገና ከፒያሳ አልተነሣም ነበር። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸከም ትንሽ ልጅ እዚያ ጦሙን አያድርም፤ ከሣጥን የወደቀውንም ማንም አይከለክለውም። ማታ ማታ ከሆቴል ጓሮ የሚወጣው የተቀላቀለ ትራፊ፣ ልጆቹ ቡሌ የሚሉት፣ በእፍኝ እየተለካ ይሸጣል። ጫት ተሽጦ ካለቀም በኋላ ገረባው ይቀራል፤ እርሱ በነጻ ነው። ጫቱ ሌሊት ዕቃ ለሚጠብቅ ማንቂያ፣ ማስቲሹ ለሚተኛ ማደንዘዣ ሆኖ ሁለቱ ይተካካሉ። ልጁ ማስቲሽ የጀመረው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ያስገደደው አልነበረም። ዝናቡ ለተከታታይ ሦስት ሌሊት ሲወርድ ከበረንዳው የሚተኙት ስድስት ልጆች ጠርሙሷን ሲቀባበሉ ለእርሱም ደረሰችው፤ አለመቀበል ከእነርሱ ጋር አለመተኛት ነበረ።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ላፍቶ ሄደ። ለከተማው ይህ የገበያ ቦታ ለውጥ ነው። በዚያ ሥፍራ ሸክም ይሸከሙ ለነበሩት ልጆች ግን ፋብሪካ የመዘጋት ያህል ነበር። ልጁ ከሌላ ልጅ የሊስትሮ ሣጥን በቀን ተከራይቶ ጫማ መጥረግ ጀመረ። ወረርሽኙ ሰዉን ከመንገድ ስላስቀረው ጫማ አልነበረም። ጠርሙሷ ግን ነበረች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማስቲሹን የተወው ጓደኛው በሞተ ማግስት ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ታላቅ ስብሰባ ይደረግ ስለነበር ልጆችን ከጎዳና እየሰበሰቡ በመኪና የሚወስዱበት አፈሳ ነበር። መኪናው መብራቱን አጥፍቶ መጣ፤ ልጆቹ ተነሥተው ሮጡ። ጓደኛው ገና ስቦ መጨረሱ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ፤ ማንም አልመታውም፤ አልተነሣም። ሐኪሞች ይህን ዓይነት ሞት ያውቁታል፤ ተኑ ልብን ያስደነብራል፤ በዚያ ላይ ድንጋጤና ሩጫ ሲጨመር ልብ ምቱን ይስታል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር።

«ከእንግዲህ አልስብም» አለ ልጁ። ተወም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ረጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ ቁርጥ ሐሳብ ከተገኘ የተቀረው ቀላል እንደ ሆነ ያስባልና።

በመጀመሪያ የተመለሰው ረሃብ ነው። ለዓመታት ተኝቶ የነበረው ሆዱ ነቃ። ቀድሞ በቀን አንድ ጊዜ ቡሌ ይበቃው የነበረው ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይርበው ጀመር። ብርዱም ተመለሰ፤ ብርድ ልብስ ገዛ፤ በሦስተኛው ሌሊት ከላዩ ላይ ተገፍፎ ተወሰደ። እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ያልበዋል፤ ይነጫነጫል። ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ ሣጥኑን ባለቤቱ ነጠቀው። ለማስቲሽ ሱስ ሌላውን ሱስ በሚያለዝቡት ዓይነት የሚሰጥ የታወቀ ምትክ መድኃኒት የለም፤ ዕረፍት፣ ምግብና የሚያጽናና ሰው ነው የሚታዘዘው። ትእዛዙ ትክክል ነው። ዕረፍት ግን አልጋ ይፈልጋል፤ ምግብ ገንዘብ ይፈልጋል። የተወው ልጅ ካልተወው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገቢው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጠርሙሷን የማይቀበል ሰው ከበረንዳው ጓደኞቹ ተለይቷል ማለት ነው፤ ሲተኛ የሚጠብቀው የለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ጓደኞቹ ምንም አላሉትም፤ ቦታ ለቀቁለት።

እንዲህ ያለው ልጅ ገንዘብ አያጠራቅምም ይባላል። የት ያጠራቅም? በኪሱ ያደረ ብር ማታ ይወሰዳል፤ አንዳንዴ ከነደሙ ይወሰዳል። ባንክ መታወቂያ ይጠይቅ ነበር፤ መታወቂያ የቤት ቁጥር ይጠይቅ ነበር፤ የቤት ቁጥር ቤት ይጠይቅ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ እንዲህ ያለውን ሥራና መኖሪያ የሌለው ሰው በጥርጣሬ ዓይን የሚያይ ሕግ ነበር። ስለዚህ ቀን የተገኘው ሁሉ ከመጨለሙ በፊት መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የሌላ ሰው ይሆናል። ማባከን የሚመስለው ነገር፣ ከበረንዳው ሆኖ ሲታይ፣ ያለ ጥፋት የመኖር ጥበብ ነው።

ነገሩን የለወጠችው ጀበና ይዛ ከመንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። የልጁን ጫማ ጠራጊነት ታውቀዋለች፤ በሌላ ሣጥን ተመልሶ ነበርና ለደንበኞቿ ይጠርጋል። አንድ ቀን ማታ ዕቃዋን ስትሰበስብ ቀረባት።

«እትዬ፣ ይቺን ገንዘብ ያዢልኝ።»

«ለምን? አንተ አትይዛትም እንዴ?»

«እኔ ጋ አታድርም።»

ያዘችለት። በማግሥቱም ያዘችለት። እያንዳንዱን ቀን በቡና ሲኒ ማስቀመጫው ካርቶን ላይ በእርሳስ ጭረት ትመዘግበው ጀመር። ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ በአካባቢው ያሉ ቡናና ሻይ ሻጮች በሚጥሉት ዕቁብ ውስጥ በእርሷ ስም ግማሽ ዕጣ አስገባችው። ዋስ የሌለው ሰው ዕቁብ አይገባምና ዋሱ ራሷ ሆነች። ስለዚህች ሴት ማንም ጋዜጣ አልጻፈም፤ ከገንዘብ ቤት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ እንደ ሠራች ግን አያጠራጥርም።

እንዲህም ሆኖ መንገዱ ቀና አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ልጆቹ የሚያድሩባቸው በረንዳዎችም አብረው ሄዱ፤ ሴትዮዋም ጀበናዋን ይዛ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወረች። ልጁ እርሷን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ አሥር ቀን አለፈ። በእነዚያ አሥር ቀኖች ውስጥ ጠርሙሷ ተመለሰች። ሲያገኛት ዓይኑ ደፍርሶ፣ እጁ በእጅጌው ውስጥ ነበር።

«እትዬ፣ ገንዘቤን ስጪኝ።»

ሴትዮዋ አየችው። «ገንዘብህ አለ። ዛሬ ግን አልሰጥህም። ነገ ጠዋት ጾምህን፣ አፍህን ተጉመጥምጠህ ና፤ ያን ጊዜ ሁሉንም እቆጥርልሃለሁ።»

ተሳደበ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ተሳደበ። «ሌባ ነሽ!» አላት። አልመለሰችለትም፤ ከሰሉን ማራገብ ቀጠለች። በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ሁሉንም ቆጥራ ሰጠችው። ተቀብሎ ጥቂት ቆመና መልሶ ሰጣት።

የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣለት ሣጥን አልገዛም። ከሌሎች ሦስት ወጣቶች ጋር በወር የሚከፈል አንዲት ክፍል ተከራየ። የክፍሏ ቁልፍ አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ይይዙታል። በር ያለው ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ዝምታው አስፈራው፤ ተነሥቶ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ አየ። ረሃቡ አሁንም ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሽሮ የሚሠራበት ምድጃ ስላለ ከቡሌው በርካሽ ይጠግባል። ደሀ ሆኖ ቤት የሌለው ሰው ደሀ ሆኖ ቤት ካለው ይልቅ ለሁሉም ነገር ውድ ይከፍላል።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር የሚያውቁትን ሁሉ አስገረመ። ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣ። ወደ ዘመዱ ቤት አልሄደም፤ ዓይናቸው እየደከመ የመጣ፣ ረዳት የሚፈልጉ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ነው የሄደው።

«ጋሼ፣ ጥለት መጣል እችላለሁ። በነጠላ የሚከፈለኝ ከሆነ እሠራለሁ።»

ሽማግሌው እጁን ዘርጋ አሉት። ዘረጋ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ብርድ ነው?» አሉት።

«አይደለም» አለ።

ሽማግሌው ሌላ ነገር አልጠየቁም። እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፤ መርገጫውን በጣቶቹ ፈልጎ አገኘው። እግሩ አልረሳም ነበር። እጁ ግን የቀድሞው እጅ አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በአንድ ትንፋሽ ይወረውረው የነበረው መወርወሪያ ከድሩ ውስጥ ይደናቀፋል፤ ክር ይበጠሳል። ክር በተበጠሰ ቁጥር ትከሻው ሳያስበው ወደ ላይ ይሰበሰባል። የሚመታው ግን የለም። ሽማግሌው ቋጥረው ያቀጥሉለታል። ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጡ ይብሳል፤ ወደ እኩለ ቀን ጥቂት ይረጋል። ተመልሶ ሙሉ በሙሉ ይረጋ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ አንጎል የተጎዳበት ቦታ አንዳንዱ ይሽራል፤ አንዳንዱ እንደ ቆሰለ ይቀራል።

የመጀመሪያው ነጠላ ስድስት ቀን ፈጀ። ደኅና እጅ ያለው ሰው በሁለት ቀን የሚጨርሰው ነው። ከጥለቱ በአንደኛው ጫፍ፣ አረንጓዴው ከቢጫው በሚገናኝበት ላይ፣ መስመሩ ጥቂት ይወላገዳል። ነጋዴው በጣቱ ዳሰሰና ከዋጋው ቀነሰ። ልጁ አልተከራከረም። ድርሻውን ተቀብሎ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ሴትዮዋ ጀበናዋን ጥዳ አገኛት። ሹራቡን ለሥራ እንዲመቸው እጅጌዎቹን ከክርኑ ላይ ቆርጦ ጥሏቸዋል፤ ብርዱ ክንዱን አሻክሮታል።

ገንዘቡን ሰጣት። ካርቶኑን አውጥታ ጭረት ጨመረች።

«ስንት ቀረኝ እትዬ?» አላት፤ ሁለተኛውን ዕጣ ማለቱ ነው።

ጭረቶቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «ዘጠኝ ሳምንት» አለችውና ቡና ቀዳችለት። ሲኒውን በሁለት እጁ ያዘ።